በመሳቢያ የቀሩ ዜማዎች፦ የምዕራብ ጎጃምን የገጠር ሙዚቃ ቀርጾ በሲዲ ማኖር ምን ይጠይቃል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ ደምበጫን ካለፈ በኋላ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ የሆነችውን ፍኖተ ሰላምን፣ ቀጥሎም በበርበሬ ምርቷ ስሟ የሚነሳውን ቡሬን ያገኛል። በካሴት ዘመን በዚህ መስመር አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪ ሲወርድ ቀድሞ የሚቀበለው ከሙዚቃ ቤት በር ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ዜማ ነበር። ካሴቱን ሲዲ፣ ሲዲውን ደግሞ ጭፈራው ጭምር የሚታይበት ቪሲዲ ተከተለው። ዛሬ ሙዚቃ በስልክና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ የሙዚቃ ቤቶቹ ዘመን አልፏል ማለት ይቻላል።

ለሽያጭ የበቃው ሙዚቃ ግን በአካባቢው ገጠር ከሚዜመው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው፣ ከተቀረጸም፣ የተቀረጸው በሠርግ ቤት በባትሪ በሚሠራ ቴፕ፣ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በባህል ቡድን ልምምድ ወይም በባህልና ቱሪዝም ባለሙያ የመስክ ጉዞ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ካሴቶችና ሲዲዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሲገኙ ብዙ ጊዜ ሽፋናቸው ላይ «የባህል ዘፈን» ከሚል ቃል በስተቀር የተጻፈ ነገር የለም። ማን እንዳዜመው፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በምን ምክንያትና መቼ እንደተዜመ አይታወቅም። ቀረጻውን ያካሄደው ባለሙያ በዝውውር ወይም በጡረታ ሲለቅ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው «ካሴት፣ ብዛት ይህን ያህል» የሚል ብቻ ይሆናል።

ይህ ጉድለት እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት ከአገራችን የሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ጥቂት ማንሳት ይጠቅማል። ዐፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1908 ገደማ በርሊን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ያ ቀረጻ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት 27ኛ ቅጽ ሆኖ ለአድማጭ ቀርቧል። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ሥራ እ.ኤ.አ ከ1948 ጀምሮ በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1969 ይህን አጥር ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ያህል አልበሞችን አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ ከተባለው የፓሪስ አሳታሚ ጋር «ኢትዮፒክስ»ን መልሶ በሲዲ ማውጣት የቻለው እነዚህ ሸክላዎች ስለነበሩ ነው። የሸክላው መኖር ብቻ ግን አይበቃም ነበር። በእያንዳንዱ ሸክላ መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙና የአሳታሚው ስም እንዲሁም የሸክላው ተራ ቁጥር ታትሟል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት የተቻለው በዚያች ወረቀት ነው።

የገጠሩ ዜማ ይህን ዕድል አላገኘም። ከተከታታዩ ቅጾች መካከል 2ኛውና 18ኛው ስለ አዝማሪዎች ቢሆኑም ትኩረታቸው የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶች ናቸው። በደርግ ዘመን እንደ ግሽ ዓባይ ያሉ የኪነት ቡድኖች የጎጃምን ዘፈን መድረክ ላይ አውጥተውታል፤ ትልቅ ባለውለታም ናቸው። ነገር ግን መድረክ የራሱ ልክ አለው። በሠርግ ቤት እስኪነጋ የሚዘልቀው ዘፈን በአምስት ደቂቃ ይቋጫል፤ ተቀባዩ ሕዝብም በተሰለፉ ተወዛዋዦች ይተካል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ዜማ ከሥራና ከወቅት ተነጥሎ አይታይም። እረኛው በዋሽንቱ፣ አጫጁ በደቦው፣ ወቂው በአውድማው ላይ በሬዎቹን እያዞረ ያዜማል። ሠርግ የራሱ ዘፈን፣ ለቅሶ ሙሾው፣ ጀግንነት ቀረርቶውና ፉከራው አለው። ጎጃም የዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አገር በመሆኑም ሰምና ወርቅ ከቤተ ክህነት ቅጥር ወጥቶ በአዝማሪው ግጥም ውስጥ ይሰማል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የጠፋው ምናልባት የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው። ሴቶች ሌሊት ተነስተው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያሰሙት የነበረ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አማትና ስለ ድካም የሚናገር ዜማ ነው። የሞተር ወፍጮ በየገበያው ሲተከል ዜማው ከሥራው ጋር አብሮ ቀረ። ለዜማው ሲባል ማንም እናት ወደ ድንጋይ ወፍጮ ትመለስ የሚል የለም፤ ዜማውን የሚያውቁት ግን አሁን በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። እነርሱን ለመቅረጽ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ቀረጻ ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ስቱዲዮ ወይስ መንደር የሚለው ነው። መልሱ እንደ ዓላማው ይለያያል። ለገበያ የሚቀርብ አልበም ከሆነ ስቱዲዮ ተገቢ ነው፤ ድምፅ ለብቻ፣ መሣሪያ ለብቻ ተቀርጾ በኋላ ይቀናበራል። ለቅርስነት ከሆነ ግን ስቱዲዮ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበዛል። አዝማሪ «ተቀበል» የሚለው ሰው ከፊቱ ከሌለ ግማሽ ሙያው የለም፤ ወፍጮ የሌለበት የወፍጮ እንጉርጉሮም ልኩ ይጠፋዋል፤ ምቱን የሚሰጠው የእጅ እንቅስቃሴው ነውና። ሌላው ጉዳይ ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በየአካባቢው በጆሮ የሚቃኙ እንጂ በፒያኖ ቁልፍ የተለኩ አይደሉም። ማሲንቆ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይቃኛል። ዋሽንት ደግሞ ቀዳዳው አንዴ ከተበጀ ስለማይለወጥ፣ ነፊው ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን በርካታ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። በስቱዲዮ ኪቦርድ ሲጨመርበት ወይም ድምፅ በሚያርም ፕሮግራም ሲያልፍ እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች እንደ ስህተት ተቆጥረው «ይታረማሉ»። የታረመውን ወደነበረበት መመለስ ደግሞ አይቻልም።

በመንደር ለመቅረጽ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በእጅ የሚያዝ፣ ሁለት ማይክሮፎን ያለው ዲጂታል መቅረጫ ይበቃል። የቦታ ምርጫ ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል። የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ድምፅን ስለሚያስተጋባ፣ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ስለሚደበድበው ለቀረጻ አይመችም። የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ግን ድምፅ ስለሚመጥ ካልታሰበ ስቱዲዮ አይተናነስም። በደጅ ከሆነ ማይክሮፎኑን ከነፋስ የሚጠብቅ ስፖንጅ ያስፈልጋል፤ በቅርብ ያለ የውሃ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ጠፍቶ፣ የሰው ሁሉ ስልክ ተዘግቶ መጀመር ይኖርበታል። አንድ ድምፃዊና አንድ ማሲንቆ ሲሆኑ መቅረጫውን ከፊታቸው ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማቆም ይመረጣል። የማሲንቆ ድምፅ የሚወጣው ከቆዳው ስለሆነ መቅረጫው ወደዚያ ማየት አለበት።

የድምፅ መጠን አወሳሰን ጥንቃቄ ይሻል። ፉከራ ከዝግታ ተነስቶ በድንገት የሚፈነዳ ነው። መለኪያው ጫፍ ላይ ደርሶ ከታች ቀይ መብራት ካበራ ድምፁ ይሻክራል፤ በኋላም አይስተካከልም። ስለዚህ ቀድሞ አስፎክሮ ማየትና ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን መወሰን ይገባል። ፋይሉ ኤም ፒ ስሪ ሳይሆን ዌቭ፣ ጥራቱም 24 ቢትና 48 ሺህ ሄርዝ ቢሆን ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 1 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በዛሬ የሚሞሪ ካርድ መጠን ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን ቀራጩ መሣሪያውን ከፍቶ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የአዝማሪውን ሙሉ ስም፣ የመሣሪያውንና የዘፈኑን ዓይነት በራሱ ድምፅ ይናገር። ወረቀት ከሲዲው ይለያል፤ ሽፋን ይጠፋል፤ በቀረጻው ውስጥ ያለ ድምፅ ግን ከዜማው አይለይም።

ቀደም ሲል በካሴት የተያዙትን ወደ ዲጂታል መገልበጥ ከአዲስ ቀረጻ ይልቅ አስቸኳይ ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ የካሴት ማጫወቻዎችና መለዋወጫዎቻቸው ከገበያ በመጥፋት ላይ በመሆናቸው በማግኔት ክር ላይ ያለ ቅርስ እ.ኤ.አ ከ2025 በኋላ መልሶ ለመስማት አዳጋች እንደሚሆን አሳስቦ ነበር። ያ ዓመት መጥቷል። ካሴቱን ከመገልበጥ በፊት የላይኛውን ጠርዝ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች መስበር በስህተት ሌላ እንዳይቀረጽበት ያደርጋል፤ በርካታ የሠርግ ቀረጻዎች የጠፉት በእሳት ወይም በውሃ ሳይሆን ሌላ ሠርግ ስለተቀረጸባቸው ነው። የማጫወቻውን ሄድ በአልኮል ማጽዳት፣ ከድምፅ መውጫው ወደ ኮምፒዩተሩ የድምፅ መግቢያ በገመድ ማገናኘት፣ ሁለቱንም ገጽ ሳያቋርጡ መቅረጽ ያስፈልጋል። ቴፑን ከፊት አስቀምጦ በስልክ መቅረጽ ግን የክፍሉን ጫጫታ ቅርስ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ በገጠር ቀረጻዎች የተለመደ አንድ እንከን አለ። በሠርግ ቤት ባትሪው ሲደክም የቴፑ ሞተር ይዘገያል፤ በቀስታ የተቀረጸው በኋላ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ዜማው ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማል፤ ሽማግሌው ልጅ ይመስላሉ። ይህን በኮምፒዩተር ማስተካከል ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያ እንዳለ የተገለበጠው ሳይነካ ተቀምጦ፣ ማስተካከያው በቅጂው ላይ መሠራት አለበት። ለምን ያህል እንደተስተካከለም መጻፍ ይገባል።

አሁን ወደ ሲዲው እንምጣ። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ በ1982 ለገበያ ያቀረቡት የሙዚቃ ሲዲ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ድምፅን በቁጥር ይይዛል። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ ገደማ ስለሚሰማ፣ ድምፁ ከዚያ እጥፍ በሚበልጥ መጠን፣ በሰከንድ 44 ሺህ 100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት ከ65 ሺህ 536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። በዚህ ስሌት አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ነጥብ 6 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሲዲ እስከ 80 ደቂቃና እስከ 99 ዘፈኖች ይይዛል። በፋብሪካ የሚታተመው ሲዲ ከብረት ቅርጽ ተጨፍልቆ ስለሚወጣ ጽሑፉ በፕላስቲኩ አካል ላይ የተቀረጸ ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር የሚጻፈው ባዶ ሲዲ ግን የተለየ ነው። ሌዘሩ የሚጽፈው በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ በተለምዶ «በርን ማድረግ» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። በመስኮት ዳር ወይም በመኪና ውስጥ የከረመ ሲዲ አንድ ቀን አልነበብም ቢል አያስደንቅም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሌላም ነገር አለ። የሲዲው ደካማ ጎን የሚያብረቀርቀው ታችኛው ሳይሆን ጽሑፍ የሚጻፍበት የላይኛው ገጽ ነው፤ መረጃው ያለው ከዚያ ገጽ ሥር በጣም በቀረበ ስፍራ ነውና። በቢክ እስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍና የሚጣበቅ ወረቀት መለጠፍ ያበላሹታል። ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር በመካከሉ ባለው ግልጽ ክብ ላይ ቁጥር ብቻ ጽፎ፣ ዝርዝሩን በመዝገብ ማስፈር ይሻላል።

የሙዚቃ ሲዲና የመረጃ ሲዲ ልዩነትም ሊታወቅ ይገባል። የሙዚቃ ሲዲ በማንኛውም ማጫወቻ ይሠራል፤ ነገር ግን በ24 ቢት የተቀረጸው ወደ 16 ቢትና 44 ሺህ 100 ሄርዝ ወርዶ ስለሚጻፍ ዋናው አይደለም፤ የፋይል ስምም አይይዝም። ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ በዘፈኖቹ መካከል 2 ሰከንድ ጸጥታ ይጨምራል፤ ከቀረርቶ ወደ ፉከራ ሳያቋርጥ የሚሸጋገር ቀረጻ በዚህ እንዳይቆረጥ ሲዲውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የመጻፍ አማራጭ መምረጥ ያስፈልጋል። ዋናው ቅጂ ግን ዌቭ ፋይል ሆኖ በሃርድ ዲስክ መቀመጥ አለበት። አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ መክፈቻ የሌላቸው በመሆኑ በሲዲ ብቻ ያለ ክምችት ያለው ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ ወደ ዲስክ ማዛወር ይጠበቅበታል። ሲዲ የማከፋፈያ መንገድ ነው፤ ጎተራ አድርጎ መቁጠሩ የ1990ዎቹ ስህተት ነበር።

የባለቤትነት ጉዳይ ብዙውን ጊዜ «የባህል ዘፈን የሁሉም ነው» በሚል ይታለፋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ከደራሲው በተጨማሪ ለከዋኙ፣ ማለትም ለሚያዜመውና ለሚጫወተው ሰው፣ ክዋኔው እንዲቀረጽ፣ እንዲባዛና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት ሰጥቷል። የጥበቃው ዘመን ለደራሲ የሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት፣ ለከዋኝና ለድምፅ ቀረጻ አሳታሚ 50 ዓመት ነው። ሆን ብሎ መብቱን መጣስ በወንጀል ያስቀጣል። አዋጁ በቁጥር 872/2007 ሲሻሻል የሮያሊቲ ክፍያን የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል። ስለሆነም ዜማው ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ቢሆንም እንኳ፣ ያን ቀን የተሰማው ድምፅ የአዝማሪው ነው። በአዝማሪ ጨዋታ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ግጥሙን «ተቀበል» ብሎ የሰጠው ከታዳሚው አንዱ ሊሆን ይችላልና። የእርሱንም ስም መጠየቅና መመዝገብ ይገባል።

ፈቃድ ማግኘት ከባድ ሥርዓት አይፈልግም። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ስምምነታቸውን በዚያው መቅረጫ በድምፅ መያዝ ይቻላል። ጥያቄው ግን መነጣጠል አለበት፦ በመዝገብ ቤት እንዲቀመጥ፣ በሬዲዮ እንዲተላለፍ፣ በሲዲ ተባዝቶ እንዲሸጥ ይፈቅዱ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠየቁ። መጀመሪያውን የፈቀደ ሁሉ የመጨረሻውን አልፈቀደም። ሙሾ ሲሆን ደግሞ ከአልቃሿ ፈቃድ በላይ የሟቹ ቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በለቅሶ ቤት መቅረጫ ደግኖ መቆም በሕግ ባያስጠይቅ እንኳ ነውር ነው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም ያጸደቀችው የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ጥበቃ ስምምነትም የባህሉ ባለቤት የሆነውን ማኅበረሰብ ተሳትፎ የጥበቃው መሠረት አድርጎ ይወስዳል።

ቅጂዎቹ ስንት ይሁኑ? ቢያንስ ሦስት፣ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ያለ ሰነድ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ አሳይተዋል። አንዱ ቅጂ በወረዳው፣ ሌላው በዞኑ፣ ሦስተኛው ከአካባቢው ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም እ.ኤ.አ በ1963 በተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። በዓመት አንድ ጊዜ ፋይሎቹን ከፍቶ ማዳመጥና አለመበላሸታቸውን ማረጋገጥ ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በዓመታዊ ዕቅድ ላይ በአንድ መስመር ሊሰፍር ይችላል። የተቀረጹትን በርክክብ ሰነድ ከዕቃ ዝርዝር ለይቶ፣ ከስምና ከፈቃድ መዝገባቸው ጋር ማስረከብም እንዲሁ።

ከሲዲዎቹ አንዱ ወደ መጣበት መንደር ይመለሳል። በብዙ ቤት የሲዲ ማጫወቻ ስለሌለ ለአዝማሪው ከሲዲው ጋር ዜማውን በሚሞሪ ካርድ መስጠት ይመረጣል። ስማቸው በትክክል መጻፉን፣ ዜማውም እርሳቸው በሚጠሩት ስም መመዝገቡን የሚያረጋግጡት በዚህ ጊዜ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለውን ስህተት ከእርሳቸው የተሻለ የሚያርም የለምና ባለሙያው ወደ መንደሩ ሲመለስ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዞ ይሄዳል።